የዘመድ መታሰቢያ መጽሐፍ ስለ መሰብሰብ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተሠራ የመመለስ ዓመት ነው። አምሳኛው ዓመት ሲደርስ መለከት ይነፋ ነበር፤ ርስቱን የሸጠ ወደ ርስቱ፥ ከወገኑ የተለየም ወደ ወገኑ ይመለስ ነበር። ዛሬ ይህን በዓል የሚያከብር ሰው ሁሉ ግን እንደዚያ መመለስ አይቻለውም፤ ይልቁንም በአሶሳ የሚኖር ሰው። ስለ ምን ቢሉ፥ የብዙው ሰው አባት የተወለደው በወሎ ነው፤ አያቱ የተቀበረችው ማንም በማያውቀው በመንገድ ዳር ነው፤ የአጎቱ ልጆች አንዱ በአዲስ አበባ፥ አንዱ በሱዳን ይኖራሉ፤ እርሱ ራሱ ደግሞ ልጅ ወልዶ ያሳደገው በዚሁ በአሶሳ ምድር ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ወገኑ የሚመለስበት አንድ መንገድ ቀርቶለታል። እርሱም በዘመዶቹ ልብ ተበትኖ ያለውን ትዝታ ሰብስቦ በአንድ መጽሐፍ መጻፍ ነው። የዛሬውም ነገር ስለዚሁ ነው።

አሶሳ ከጥንት የበርታ ሕዝብ አገር ናት። ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሚባለው ክልል በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሽናሻ፥ ማኦና ኮሞ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ታላቅ ረኃብ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የደርግ መንግሥት ከወሎ ብዙ ቤተ ሰብ አምጥቶ በአሶሳ አሰፈረ። አሶሳም በዚያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ሁለተኛው ረኃብ በ1977 ዓ.ም. በበረታ ጊዜ በዚያና በሚቀጥለው ዓመት 600,000 ያህል ሰው ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ከዚህም ከፊሉ ወደ አሶሳ መጣ፤ በመተከልም በበለስ ሸለቆ በፓዌ ከ80,000 የሚበልጥ ሰው ሰፈረ። አንዳንዱ ወዶ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ተገድዶ የመጣ ነው። ባል ወደ አንድ ሰፈራ፥ ሚስት ወደ ሌላ ሰፈራ የሄዱበት፥ ልጅም ከወላጆቹ የተለየበት ብዙ ነው። ከደጋ የመጣውን ሰው ወባ አገኘው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሞተውም ብዙ ሆነ።

በአሶሳ ዙሪያ ያሉት የሰፈራ መንደሮች ከስማቸው ጋራ ቍጥር ተጨመረላቸው፤ አምባ 14፥ ሰልጋ 22፥ ኮምሽጋ 26፥ መገሌ 32 እየተባሉ ተጠሩ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ይጠራሉ። በዚያን ዘመን ሰውም የተቈጠረው እንዲሁ ነበር፤ ስንት ቤተ ሰብ ገባ፥ ስንት ኵንታል እህል ተሰጠ፥ ስንት በሬ ታደለ እየተባለ በመንግሥት መዝገብ ተጻፈ። መንግሥት የሚጽፈው ለሥራው የሚያስፈልገውን ነውና በዚህ አይደነቅም። ነገር ግን ከዚያ መዝገብ ውስጥ የትኛው ሽማግሌ ሲነሣ የቤቱን ደጃፍ ስሞ እንደ ወጣ፥ የትኛይቱ እናት የጤፍ ዘር በቀሚስዋ ጫፍ ቋጥራ እንደ መጣች፥ የትኛው ሕፃን በመጠለያ ሳለ እንደ ሞተና ማን እንደ ቀበረው አይገኝም። ይህን ቢጽፍ የሚጽፈው ዘመድ ብቻ ነው።

ዘመድም ቢሆን አንድ ሰው ብቻውን ሊጽፈው አይችልም። የአንድ ቤት ታሪክ በአንድ ሰው ልብ አይገኝምና። ሳይነሣ በወሎ የቀረው ወንድም የአባቱን መሬት ወሰን፥ ላምና በሬ በስንት ብር እንደ ተሸጠ፥ ረኃቡ በየትኛው ወር ወደ ቤታቸው እንደ ገባ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አያውቅም። የተነሣው ወንድም መንገዱን ያውቃል፤ በአውሮፕላን ወይም በጭነት መኪና እንደ መጣ፥ የት እንዳደረ፥ በመጀመሪያው ክረምት ቤቱን በሽመልና በሣር እንዴት እንደ ሠራ ይናገራል፤ ከእርሱ በኋላ በአገር ቤት ማን እንደ ሞተ ግን ዘግይቶ የሰማው ነው። እኅታቸው የልጆቹን ልደት፥ የእያንዳንዱን ክርስትና፥ የበሽታውን ዓይነት ታውቃለች። በጀርባ ታዝሎ የመጣው ሕፃን ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ የሚያስታውሰው በርታ ባልንጀሮቹ ማንጎ ሲያካፍሉትና ቋንቋቸውን ሲያስተምሩት ነው። እነዚህ አራት ሰዎች በየራሳቸው የተናገሩት አራት ታሪክ ይመስላል፤ በአንድ መጽሐፍ ሲሰበሰብ ግን አንድ ቤት ነው።

የጥንት ሰዎች በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ስለዚህ ነው። የሚረሳበትም ጊዜ ቀርቧል። በ1977 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ሰው የነበረ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። በ1966ቱ ረኃብ ጊዜ ልጅ የነበረው እንኳ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ከአምስትና ከዐሥር ዓመት በኋላ መጻፍ የሚችል ልጅ በየቤቱ ሞልቶ ይገኛል፤ የሚጠየቅ ግን አይገኝም።

ከሚጠፋውም ነገር ሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው የክርስትና ስም ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ካህኑ የሚያወጣላቸው ስም በአደባባይ አይጠራም። ወልደ ሚካኤል የተባለው ሰው በገበያም በእርሻም በሌላ ስም ሲጠራ ይኖራል፤ ወለተ ማርያም የተባለችውም እንዲሁ። የክርስትናውን ስም የሚያውቁት እናቱና አባቱ፥ የክርስትና አባቱ፥ የነፍስ አባቱም ናቸው። በፍትሐት፥ በአርባው፥ በሙት ዓመቱም ተዝካር የሚጠራው ግን ይኸው የተሠወረው ስም ነው። እንግዲህ በመንገድ የሞተ ሕፃን፥ እናቱም ከጥቂት ዓመት በኋላ የሞተችበት፥ የክርስትና አባቱ በወሎ የቀረ፥ ያጠመቀውም ቄስ ያረፈ እንደ ሆነ፥ ያን ስም የሚያውቅ ማን ይቀራል? ምናልባት አንዲት አሮጊት አክስት ትቀራለች። እርስዋም በደሴ ዙሪያ ወይም በላስታ ከአንድ ጐጆ ውስጥ ተቀምጣ ጠያቂ ሳታገኝ ዘመንዋን ትጨርሳለች።

በተዝካር ቀን አንድ ሰው ወደ ካህኑ ቀርቦ ለአባቱና ለእናቱ ስም ከሰጠ በኋላ የወንድሞቹንና የእኅቶቹን የክርስትና ስም ሲጠየቅ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ካህኑም በዓለም ስማቸው ያስባቸዋል፤ ጸሎቱም አይቀርም። በእርግጥ እግዚአብሔር የማንንም ስም አይረሳም። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ስሙ ቢጠፋ ምን ይጐዳል ይል ይሆናል። ነገር ግን ስም የመጠበቅ ሥራ ለሙታን ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ለሕያዋንም ነው። ወንድሙን በተጠመቀበት ስም መጥራት ያልቻለ ሰው አንድ ነገር እንደ ጐደለበት ያውቃል፤ ያም ጕድለት ከእርሱ ወደ ልጁ ያልፋል። ልጁ ደግሞ የጐደለ ነገር እንዳለ እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

ከዚህ ሌላ በኑሮ ላይ የሚታይ ጕዳት አለ። በአገሩ ልማድ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራሉ። ዘመድ ባንድ አገር ሲኖር ቈጣሪ አይታጣም ነበር። ዛሬ ግን ከወሎ ወደ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የመጣ ወጣት በአሶሳ ከተወለደች ልጅ ጋራ ተዋውቆ ሊያገባት ቢፈልግ፥ አያቶቻቸው ወንድማማች መሆናቸውን ማን ይነግራቸዋል? የቤቱ የትውልድ ቍጥር ተጽፎ በሁለቱም አገር ቢገኝ ግን በአንድ ቀን ይታወቃል። ዘመድ መሆናቸውን በማወቃቸውም አንዱ ለሌላው መጠጊያ ይሆናል።

ይህ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም፤ አርአያ አለው። ኢያሱ ሕዝቡን ዮርዳኖስን ባሻገረ ጊዜ ዐሥራ ሁለት ድንጋይ ከወንዙ አስወጥቶ ያቆመው በኋላ ዘመን ልጆች አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱ ነው። እዚህ ላይ ሊታሰብ የሚገባው፥ ድንጋዩን የተሸከሙት ከየነገዱ አንድ አንድ ሰው ሆነው ዐሥራ ሁለት መሆናቸው ነው፤ መታሰቢያው የአንድ ነገድ ብቻ አልሆነም። ወንጌላዊው ሉቃስም መጽሐፉን የጻፈው ከመጀመሪያ ጀምሮ በዓይናቸው ካዩት የተላለፈውን በጥንቃቄ ተከትሎ በተራ በማስቀመጥ ነው። የማቴዎስ ወንጌልም የሚጀምረው በትውልድ ቍጥር ነው፤ በዚያም ቍጥር መካከል የተከበሩ ብቻ ሳይሆኑ ኃጢአታቸው የታወቀ፥ ከባዕድ ሕዝብም የመጡ ሰዎች ስማቸው ተጽፏል።

በኢትዮጵያም በታላላቅ አድባራትና ገዳማት ወርቀ ወንጌል በሚባለው መጽሐፍ ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ የርስት ስጦታ፥ የሰዎች ስም፥ የምስክሮችም ስም እየተጻፈ ቈይቷል፤ የታሪክ ሊቃውንት ዛሬ ብዙ ነገር የሚያገኙት ከዚያ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ የሚባለውን መጽሐፍ አሳትመው የብዙ ታላላቅ ሰዎችን ነገር ለተከታይ ትውልድ አቈዩ። ስለዚሁም አገር ቢሆን፥ ኢጣሊያዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ከሽማግሌዎች አፍ የሰማውን ከተጻፈው ጋራ እያስተያየ የቤላ ሻንጉልን ያለፈ ታሪክ ጽፎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 አሳትሟል። ያ ሊቅ ጠይቆ ባይጽፍ ኖሮ ከእነዚያ ሽማግሌዎች ቃል ብዙው አብሮአቸው በተቀበረ ነበር። ነገር ግን መኳንንትና ባላባት ጸሐፊ አያጡም። ጸሐፊ የሚያጣው ገበሬው፥ ሸማኔው፥ እንጀራ ጋጋሪዋ ናቸው። የእነርሱ ኅሩይ ከራሳቸው ልጆች መካከል መነሣት አለበት።

እንግዲህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በተራ ማሰብ ይገባል።

መጀመሪያ፥ ዘመድ ተሰብስቦ ጸሐፊ ይመርጣል። ጸሐፊ የሚሆነው ብዙ የተማረው ሰው ሳይሆን መስማት የሚችለው ሰው ነው። ሽማግሌ ሲናገር አቋርጦ የሚያርም ልጅ፥ ምንም ቢማር፥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። መሰብሰቢያውም ከወዲሁ አለ፤ በየወሩ ጽዋ የሚጠጣበት ማኅበር፥ ሰንበቴ፥ ሠርግና ተዝካር ሁሉ ዘመድ የሚገናኝበት ነው። በየማኅበሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጠይቆ መልሱ ቢጻፍ በዓመት ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ ይሆናል።

ሁለተኛ፥ አስቀድሞ የሚጠየቀው በዕድሜ የገፋውና የታመመው ነው፤ ከዚያም ሩቅ ያለው። ባለጠጋውንና አንደበተ ርቱዑን ለመጠየቅ ሁልጊዜ ጊዜ ይገኛል። ሴቶችም ተለይተው ሊጠየቁ ይገባል፤ ወንዶች ባሉበት ብዙ አይናገሩምና። የልጆችን የክርስትና ስም፥ የሞቱበትን ቀን፥ ማን ማንን እንዳጠባ አብልጠው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛ፥ ጥያቄው ቀላልና የሚጨበጥ ይሁን። ታሪክዎን ይንገሩኝ የተባለ ሽማግሌ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ ብሎ ዝም ይላል። ከቤት ሲወጡ በእጅዎ ምን ይዘው ነበር? ውሻው ከማን ዘንድ ቀረ? በመጀመሪያ የበሉት እህል ምን ነበር? ወባ ሲይዝ ማን ውኃ አቀበለ? የተባለ እንደ ሆነ ግን አንዱ ቃል ሌላውን እየሳበ ይመጣል። ደግሞም ስለ ጎረቤት መጠየቅ ይገባል። ለእንግዳው ሰው መሬቱን ያሳየው፥ የሽመሉን አቈራረጥ ያስተማረው፥ ምንጩን ያመለከተው የበርታ ሽማግሌ ስሙ በዚያ መጽሐፍ ሊጻፍ ይገባል። ለሰፋሪ የተሰጠው መሬት ቀድሞ ለነባሩ ሰው ማሳ፥ ጫካ፥ የማር መቍረጫ እንደ ነበረም አብሮ ይጻፍ። የአንዱ መስፈሪያ የሌላው ማጣት የሆነበት ጊዜ ነበርና፥ ልጆች ይህንም ቢያውቁ ጎረቤታቸውን ማክበር ይማራሉ።

አራተኛ፥ ዘመኑ በጥንቃቄ ይጻፍ። ብዙ ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረቱን አያውቁም፤ ወንጌላዊውንና በዓሉን ግን ያውቃሉ። በዘመነ ማቴዎስ፥ ከኅዳር ሚካኤል በኋላ ተነሣን ይላሉ። ካህናት ለዚህ ሥራ እጅግ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተጨምሮ ለ4 ሲካፈል 1 የተረፈ እንደ ሆነ ማቴዎስ፥ 2 የተረፈ እንደ ሆነ ማርቆስ፥ 3 የተረፈ እንደ ሆነ ሉቃስ፥ ምንም ያልተረፈ እንደ ሆነ ዮሐንስ ነው። በዚህ ሒሳብ 1966 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ ነበር፤ 1977 ዓ.ም. ደግሞ ዘመነ ማቴዎስ ነበር። ስለዚህ አሮጊቲቱ ልጄ የሞተው በማቴዎስ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ብትል፥ ሌሎች ዘመዶች ከሚናገሩት ጋራ ተገናዝቦ ጥር 9 ቀን 1977 ዓ.ም. እንደ ሆነ ማወቅ ይቻላል። ቀኑ ሲታወቅም የሙት ዓመቱ ይታወቃል።

አምስተኛ፥ ሁለት ዘመዶች አንዱን ነገር በሁለት መንገድ ቢናገሩ ጸሐፊው አይፍረድ። የሁለቱም ቃል ከየስማቸው ጋራ ይጻፍ። ታላቅ ወንድም አባታችን ወዶ ተመዘገበ ቢል፥ ታናሹም በታጠቁ ሰዎች ተገድዶ ተወሰደ ቢል፥ ሁለቱም ሊጻፍ ይገባል። ምናልባት አባትየው ለታላቁ ልጅ እንዳያዝን አንድ ነገር፥ ለሚስቱም ሌላ ነገር ነግሮ ይሆናል። አንዱን ቃል ደምስሶ አንዱን የሚያስቀር ጸሐፊ ግማሹን ዘመድ ከመጽሐፉ ያስወጣል፤ ከዚያ ወዲያም ያ መጽሐፍ የጠብ ምክንያት እንጂ የፍቅር መታሰቢያ አይሆንም። እንደዚሁም በወሎ ቤተ ሰብ ዘንድ አንዱ ወንድም ክርስቲያን፥ አንዱ እስላም የሆነበት ቤት ብዙ ነው። የእስላሙ ዘመድ ስም ከመጽሐፉ ቢጐድል የአያቲቱ ልጆች ቍጥር ይጐድላል።

ስድስተኛ፥ የሚጻፍ አለ፤ የማይጻፍም አለ። ለነፍስ አባት በንስሐ የተነገረ ነገር ከቶ አይጻፍም፤ ካህንም ስለ እርሱ አይጠየቅም። ሕያው የሆነ ሰው እባካችሁ ይህን አትጻፉ ቢል ይከበርለት። ይልቁንም የትውልድ ቍጥር ሰውን ለማዋረድ እንዳይሆን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቤላ ሻንጉል አገር ለብዙ ዘመን ሰው እየተፈነገለ ለባርነት የሚሸጥበት አገር ነበር፤ ባርነት ፈጽሞ በአዋጅ የተሻረውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዚህ አገር የአያቱን ታሪክ ሲናገር ድምፁ የሚሰበር ሰው አለ። የዚያ ሰው አያት የተሸጠ እንደ ሆነ ኀፍረቱ የሸጠው ነው እንጂ የተሸጠው አይደለም። ባለቤቱ ፈቅዶ የነገረውን በክብር መጻፍ፥ ያልፈቀደውንም መተው ይገባል። ሌላው ሰው ግን ይህን ለስድብ ቢጽፈው የመታሰቢያውን መጽሐፍ አረከሰው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ መከራን መጻፍ ምን ይጠቅማል፥ ቍስልን መንካት አይሆንምን ይል ይሆናል። ይህ አሳብ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። ስለ ልጅዋ ሞት ስትናገር ዕንባ የሚቀድማትን እናት ጸሐፊ ሊያስጨንቃት አይገባም፤ ብዕሩን አስቀምጦ አብሮ ይቀመጥ፥ ሌላ ቀን ይመለስ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ማንም ሳይጠይቃት የኖረች እናት አንድ ቀን የልጅዋ ስም ሲጠየቅ፥ ሲጻፍም፥ ከጻፈም በኋላ ሲነበብላት ብታይ ልብዋ ያርፋል። ዝም የተባለ ኀዘን ከልብ አይወጣምና።

ሰባተኛ፥ የተጻፈው እንዳይጠፋ ይጠበቅ። በአሶሳ ምስጥና የክረምት እርጥበት ወረቀትን ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ከመሬት ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ከምስጥም የሚብስ አለ። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በመተከል በሆነው ግጭት ብዙ ሰው ተገደለ፥ ብዙ ቤት ተቃጠለ፥ ብዙ ሕዝብም ከቀየው ተፈናቀለ። በሳጥን የነበረ ሥዕልና ጽሑፍ ሁሉ ከቤቱ ጋራ የጠፋበት ሰው ቁጥር የለውም። ስለዚህ መጽሐፉ አንድ ብቻ አይሁን፤ ቢያንስ ሦስት ሆኖ አንዱ በአሶሳ፥ አንዱ በአገር ቤት በወሎ፥ አንዱም በሌላ ከተማ በሚኖር ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። የሽማግሌዎቹን ድምፅ በእጅ ስልክ መቅረጽም መልካም ነው፤ የአያት ድምፅ ራሱ ርስት ነውና። ነገር ግን ስልክ ይሰበራል፥ ይሰረቃል፥ ያረጃልም፤ የተቀረጸው ሁሉ በወረቀት ካልተገለበጠ ተጠብቋል አይባልም።

በዚህ ሥራ ደብሩ ያለበት ድርሻ ትንሽ አይደለም። መጻፍ የማይችሉ አረጋውያን ያሉበት ቤት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን ቢያገኝ፥ ወጣቶቹ ከጸሐፊነታቸው ይልቅ የሚማሩት ይበልጣል። ካህናትም በእጃቸው ያለውን የጥምቀት መዝገብ እያዩ የጐደለውን የክርስትና ስም ሊሞሉ ይችላሉ፤ ወደ ወሎ አድባራትም መልእክት ልከው በዚያ የቀሩትን አባቶች ሊጠይቁ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ ቤት መጽሐፍ የሙታን ስም ብቻ ተገልብጦ ለደብሩ ቢሰጥ፥ በየዓመቱ በአንድነት ይታሰባሉ። እንዲህ ሲሆን ከየአገሩ በመከራ የተሰበሰበው ሕዝብ በሙታኑ ስም ደግሞ አንድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ሥራው ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ እንዳይተወው፥ መጽሐፉ በአንድ ገጽ ሊጀመር እንደሚችል ይወቅ። በዚያች ገጽ ላይ የአያቶቹን የመንገዱን ታሪክ ወይም የቤቱን ክብር ለመጻፍ አይቸኩል፤ ያ ይደርሳል። አስቀድሞ ከቤቱ የሞቱትን ሰዎች ሁሉ የዓለም ስማቸውን በአንድ ወገን፥ የክርስትና ስማቸውን በሌላ ወገን ይጻፍ። የማያውቀውን ቦታ ባዶ ይተውለት። ከዚያም ያን ወረቀት ይዞ ወደ ታላቁ ዘመድ ይሂድ፥ ሩቅ ላለውም ይደውል። እያንዳንዱ ባዶ ቦታ አንድ ዘመድ የሚጠየቅበት ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱም ስም ሲሞላ አንድ የተለየ ሰው ወደ ወገኑ ተመለሰ። ኢዮቤልዩ የመመለስ ዓመት ነውና፥ በዚህ በዓል ያልተመለሱት እንዲመለሱ፥ ስማቸውን የሚያውቁትም ሳያርፉ እንዲጠየቁ እግዚአብሔር ለሁሉ ትጋትን ይስጥ። አሜን።